እታለም ያየችው ፊት

ስንዱ በማግሥቱ ልትሄድ ነው። እናኑ ይህን የሰማችው ውሃ ቀድታ ስትመለስ ነበር፤ እንስራዋን ከጀርባዋ ሳታወርድ በስንዱ ደጃፍ ቆማ ቀረች። ስንዱ ጎረቤቷ ናት። የራሷን ልጅ በአንዱ ጡቷ፣ ክንዱ የሚባለውን የእናኑን የልጅ ልጅ በሌላው እያጠባች አንድ ወር አቆይታዋለች። አሁን ግን ጣሊያን መንደሩን ዳግመኛ ሊያቃጥል ነው የሚል ወሬ መጥቷል፤ ባሏም ወገኖቹ ወዳሉበት ወደ አዊ አገር ቤተሰቡን ይዞ ሊሸሽ ቆርጧል። «እትዬ እናኑ፣ ጡቴን ቆርጬ ባስቀምጥልሽ ደስ ባለኝ» አለችና ስንዱ ፊቷን አዞረች።

ክንዱ የአራት ወር ልጅ ነው። በሰው ጡት የሚያድገው እናቱ ሞታበት አይደለም። እናቱ እታለም እዚያው ከጎጆው ጥግ፣ መደቡ ላይ፣ ፊቷን በነጭ ሻሽ ጠቅልላ ተቀምጣለች። ጡቷም አልደረቀም። ሲሞላና ሲወጥራት ወደ ጓሮ ትወጣለች፤ እያለበች መሬት ላይ ታፈስሰዋለች፤ ከዚያ በእግሯ አፈር ትመልስበታለች። እናኑ ይህን በአጥሩ ቀዳዳ አይታዋለች። ላሞቻቸውን ጣሊያን ነድቷቸዋል፤ በመንደሩ ሌላ የምታጠባ ሴት የለችም፤ የምትታለብ ፍየል እንኳ አልቀረችም። ልጁ የጎረቤት ጡት ይጠብቃል፣ የእናቱን ወተት አፈር ይጠጣዋል።

እታለም ፊቴ በስብሷል ትላለች። የጉንጬ ሥጋ ወርዷል፣ ጥርሴ በጎን ይታያል፣ መግሉ አንገቴን አልፎ ደረቴ ላይ ይወርዳል፣ ልጄ ቢጠባ ከወተቱ ጋር ይውጠዋል ትላለች። እናኑ ሻሹን ገልጣ ስታያት ግን የምታየው የከሳ የልጅ ፊት ነው። ዓይኗ እንደ ድሮው ትልቅ ነው፤ አፍንጫዋም ያው የአባቷ ነው። መግል የሚባል ነገር የለም።

ነገሩ የጀመረው በኅዳር ነው። የሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ኅዳር። ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽጉን አጥብቆ፣ ዛሬ ፍኖተ ሰላም የምንላትን ያኔ ወጀት የምትባለውን መንደርም ይዞ ነበር፤ የቀረውን አገር ደግሞ አርበኛው ይዞት ነበር። የእታለም ባል ባዬና ወንድሟ ላቀው አንድ ቀን ነው ጫካ የገቡት። ላቀው ታላቋ ነው፤ አባታቸው በልጅነታቸው ስለሞተ በጀርባው አዝሎ ያሳደጋት እሱ ነው ቢባል ውሸት አይሆንም። እሷ በጥቅምት መጨረሻ ክንዱን ወለደች። አራስ ቤት ሳለች፣ በኅዳር ሚካኤል ማግሥት፣ ላቀው ከጅጋ ወዲህ በተደረገ ውጊያ ወደቀ።

በአገሩ ልማድ ለአራስ መርዶ አይነገርም። ደም ያፈሳታል፣ ወተቷን ያደርቀዋል፣ ሕፃኑንም ይጎዳዋል ተብሎ ይፈራል። ስለዚህ መንደሩ በሙሉ አንድ አፍ ሆነ። ላቀውን በአጎቱ ደብር ቀበሩት፤ የለቅሶው ድምፅ እንዳይሰማ ለቅሶው እዚያው ራቅ ብሎ ተለቀሰ። ወደ አራስ ቤት የሚገባ ሁሉ ደጃፉ ላይ ፊቱን ጠርጎ ይገባል። እታለም ወንድሜ እንዴት ነው ስትል ደህና ነው ይሏታል። እናቷም ደህና ነው ትላታለች። ወር ሙሉ እንዲህ ኖሩ። ክርስትናው በተነሣ በሳምንቱ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ተሰብስቦ መጣና ከደጃፏ ቆሞ አለቀሰ። መርዶ እንደዚያ ነው የሚነገረው።

ፊት መንጨት በአገሩ አዲስ ነገር አይደለም። ሴት ወንድሟን ስታጣ ጉንጯን በጥፍሯ ትቧጭራለች፤ የንስሐ አባቷም ይቆጧታል፤ ቁስሉም ይድናል። የእታለም ግን ከልማዱ አለፈ። እጇን ሦስት ሴቶች ይዘው ማላቀቅ አቃታቸው። እናኑ ያን ቀን ከልጇ ጥፍር ሥር ሥጋ በእንጨት ነው ያወጣችው። ቁስሉን በጨው ውሃ እያጠበች ከረመች፤ በጥር ማለቂያ ሻረ። ሻሹ ግን አልወረደም። መጀመሪያ ኀዘን ነው አሉ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ምናኔ ነው አሉ። አንድ ቀን ክንዱን ከጡቷ ነጥቃ ለእናቷ ስትወረውረው ነው ሁሉም የገባቸው።

ከዚያ ወዲህ ያልተባለ ነገር የለም። ስንዱ ነገረቻት፣ ዘመድ ተራ በተራ ነገራት፣ የንስሐ አባቷ መምሬ ወልደ ገብርኤል መስቀላቸውን ጉንጯ ላይ አሳርፈው ልጄ ምንም የለብሽም አሏት። ለሁሉም መልሷ አንድ ነበር። «ላቀውም ደህና ነው ብላችሁኝ ነበር። ያን ጊዜም ድምፃችሁ ይኸው ነበር» ትላለች። ከዚህ በኋላ ማን ምን ይላታል?

ጠበል አስገቧት። ሁለት ሱባዔ ተጠመቀች፤ አልጮኸችም፣ አልተንቀጠቀጠችም። ጥላ ወርዶባት ከሆነ ጠበሉ ያስለፈልፋት ነበር ብለው መምሬም ራሳቸውን ነቀነቁ። በመጨረሻው ቀን እናኑን ወደ ጎን ወስደው ቡሬ ላይ ከምሽጉ አጠገብ የጣሊያን ሐኪም እንዳለ፣ የአገሩን ሰው እንደሚያይም ሰምቻለሁ አሏት። ቀጥለውም «ሂጂ አልልሽም፤ አትሂጂም አልልሽም» አሉና መስቀላቸውን አሳለሟት። እናኑ በዚያን ጊዜ ሐሳቡን እንደ እሳት ነበር የሸሸችው። ልጇን የገደለ ማን ሆነና ነው? የባሏ እኅት ዓባይነሽ ወሬውን ሰምታ ኖሮ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር፣ ሴቶች በተሰበሰቡበት፣ «ወንድምየውን የገደለ እጅ እኅቲቱን ያድን ብለሽ ልትለምኚ ነው አሉ። ደግሞ አመስግነሽ እጁን ስመሽ ትመጫለሽ» አለቻት። ዓባይነሽ ያለችውን እናኑም በሆዷ ብላው ነበር።

ስንዱ የምትሄደው ግን በቡሬ በኩል ነው። እስከ ቡሬ ድረስ ልጁ ጡት አለው ማለት ነው። ከቡሬ በኋላ የለውም። እናኑ በደጃፉ እንስራዋን እንደተሸከመች ይህን አሰበች፤ ከዚያ አውርዳ ነገ አብረን እንሄዳለን አለች።

መንገዱ ሁለት ቀን ፈጀባቸው። የስንዱ ባል ከልጆቹ ጋር ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ ሆነው ሄዱ። እታለም ከሁሉም ኋላ፣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ፣ ነፋሱ ከእሷ ወደ ልጁ እንዳይነፍስ እያየች ትራመዳለች። ነፋሱ ሲዞር እሷም ቦታዋን ትለውጣለች። እናኑ ይህን አይታ እንዳላየች ሆነች። ማንኩሳ አጠገብ አደሩ፤ በማግሥቱ ከቀትር በፊት ቡሬ ገቡ።

ስንዱ ከከተማው ዳር ዋርካ ሥር ተቀመጠችና ክንዱን እስኪጠግብ አጠባችው። ሲጠግብ አገላብጣ ደግማ አጠባችው። ባሏ ሦስት ጊዜ ጠራት። ልጁን ለእናኑ ሰጠቻትና የራሷን ልጅ አዝላ፣ ዞር ሳትል ሄደች። እናኑ የልጁን ሆድ ዳሰሰችው፤ ጢም ብሎ ሞልቷል። እስከ ማታ ይቆይለት ይሆናል።

የምሽጉ በር ላይ አንድ አስካሪ፣ ለጣሊያን ያደረ የአገር ተወላጅ ወታደር፣ ቆሟል። ከየት እንደመጡ ጠየቀ፤ ነገረችው። ባል አላት ወይ ብሎ በእጁ ወደ እታለም ጠቆመ፤ ባዬ ጫካ እንዳለ እያወቀች እናኑ ሞቷል አለችው። ከዚያ ዓይኑን እናኑ ላይ አድርጎ ወንድ ልጅ እንዳላት ጠየቃት። ጫካ ያለ እንደሆነ ለማወቅ ነው። እናኑ ወር ሙሉ በአፏ ደህና ነው ስትለው የኖረችውን ልጇን አሰበች።

«ወንድ ልጅ የለኝም» አለች። እውነትም ነው፣ ክህደትም ነው። አስካሪው አሳለፋቸው።

ሐኪሙ ቀጭን፣ ዓይኑ በወባ ቢጫ የሆነ ሰው ነበር። ከጎኑ ረዳ የሚባል ጠጉሩ የሸበተ አስተርጓሚ ቆሟል፤ ከትግሬ አገር የመጣ፣ ጣሊያንኛውን ሚሲዮን ቤት የተማረ ሰው ነው። እናኑ ታሪኩን ነገረችው፤ የላቀውን ሞት በሽታ ነው አለች። ረዳ ዓይን ዓይኗን አይቶ በሽታ ብሎ አስተረጎመ። እታለም ሻሹን አልገልጥም ብላ ብዙ አስቸገረች፤ እናኑ እግሯ ሥር ወድቃ ስትለምናት ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። ሐኪሙ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ ፊቷን በጣቶቹ ዳሰሰ፤ አገጯን ቀና አድርጎ አየ፤ አፏን አስከፍቶ አየ። የቱ ጋ ነው የሚያምሽ አላት። እሷም «አይታየውም እንዴ?» ብላ ተገረመች።

ሐኪሙ ከመሳቢያው መስታወት አውጥቶ ሰጣት። በመንደራቸው መስታወት የለም፤ ልጅቱ ፊቷን አይታ አታውቅም፤ እንግዲህ አይታ ትድናለች ብላ እናኑ እመቤታችንን በሆዷ ጠራች። እታለም ዓይኗን ገልጣ ተመለከተች። ብዙ ቆየች። ከዚያ መስታወቱን ወደ እናቷ አዞረችና «ይኸው» አለች። «አሁንስ ምን ልትይ ነው?»

እናኑ በትከሻዋ ላይ አጎንብሳ አየች። መስታወቱ ውስጥ ያለችው ያው የከሳችው፣ ያው ቆንጆዋ ልጇ ናት። አንዱን መስታወት ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው እያዩት አንዷ ልጇን ታያለች፣ ሌላዋ ሬሳ ታያለች። እናኑ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። ከመስታወት ወዲያ ምን ማስረጃ አለ?

ሐኪሙ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ረዥም ቃል ተናገረ። ረዳም ደግሞ ጠየቀው፤ ደገመለት። «ዲስሞርፎፎቢያ» አለ ረዳ ቃሉን እያኘከ። «በሽታው ስም አለው ይላል፣ እናቴ።»

እናኑ በዚያ ቀን የተደሰተችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ስም ያለው በሽታ መድኃኒት አያጣም ብላ ነው። መድኃኒቱን ጠየቀች። ሐኪሙ በጣቱ የመድኃኒቱን ሣጥን አሳያትና ራሱን ነቀነቀ። ከዚህ ውስጥ የለም ማለት ነው። እንግዲያ ስሙ ምን ያደርግልኛል ልትል ነበር። ይልቅ ትርጉሙ ምን እንደሆነ ጠየቀች፤ ባዶ እጅ ከመመለስ እሱንም መያዝ ይሻላል ብላ ይሆናል።

ረዳ እየጠየቀ አብራራላት። ቃሉ ከጽርእ፣ ከግሪክ ቋንቋ፣ የተወሰደ ነው፤ ዲስ ክፉ ማለት ነው፣ ሞርፌ መልክ ማለት ነው፣ ፎቦስ ፍርሃት ነው፤ ሲገጣጠም መልኬ ክፉ ሆኗል የሚል ፍርሃት ማለት ነው። ስሙን ያወጣው የሐኪሙ አገር ሰው ነው፣ የአእምሮ ሐኪም ነው፣ ካወጣለትም ሃምሳ ዓመት አይሞላም። እናኑ ከዚያ በፊትስ በሽታው አልነበረም ወይ አለች። ሐኪሙ ጥያቄዋ ሲተረጎምለት ቀና ብሎ አያት። «ነበረ» አለ በረዳ አፍ። «ስም ስላልነበረው ሰዎች ብቻቸውን ነበሩ።»

ስሙ የመጣበትንም ሲናገር የታመመ ፊቱ ትንሽ ፈካ አለ፤ በተማሪነቱ የሰማው፣ በዓይኑ ግን እስከዛሬ ያላየው ነገር ነውና። የጥንት ጽርኦች የሚያወሩት ታሪክ ነበር። አንድ ባለጸጋ ቤት መልከ ጥፉ ሴት ልጅ ተወለደች፤ ወላጆቿ አዘኑ፤ ለማንም እንዳትታይ ብለው ለሞግዚቷ አዘዙ። ሞግዚቷም ልጅቱን ሸፍና በየቀኑ ወደ አንድ የጸሎት ቤት ትወስዳት ነበር። አንድ ቀን አንዲት የማትታወቅ ሴት መንገድ ላይ አገኘቻትና ያቀፍሽውን አሳዪኝ አለቻት። ተከልክያለሁ አለች ሞግዚቷ። ሴቲቱ አልተወቻትም፤ ለመነቻት። በመጨረሻ ገልጣ አሳየቻት። ሴቲቱ የልጅቱን ራስ ዳበሰችው፤ ከዚያ ቀን ወዲያ ልጅቱ እያማረች ሄደች። ለመልኳ ክፋት ያኔ የሰጡት ቃል ነው ኋላ ለዚህ በሽታ ስም የሆነው።

እናኑ ያቺስ በእውነት መልከ ጥፉ ነበረች፣ የእኔዋ ግን ምንም አልሆነች አለች። ሐኪሙ ልዩነቱ እሱ ነው አለ። ያቺን ያየ ሁሉ ያዝን ነበር። ይቺን እንደዚያ የሚያያት ራሷ ብቻ ናት።

ከዚያ ብዕሩን አንሥቶ በደብተሩ ጻፈ፤ እየጻፈም ይናገራል። ረዳ ዝቅ ባለ ድምፅ ለእናኑ አስተረጎመላት። ቁስሉ ጥሩ ሽሯል፤ መግል የለም፤ በግራ ጉንጯ ሦስት ቀጫጭን ጠባሳ፣ ከቀኝ ዓይኗ ሥር አንድ አጭር ጠባሳ ቀርቷል።

እዚህ ላይ ነው እናኑ የተሳሳተችው። አስባ አይደለም፤ ወር ሙሉ የለመደው አፏ ነው የቀደማት። ወደ ረዳ ጆሮ ጠጋ ብላ «ጌታዬ፣ ስለ ጠባሳው አይንገሯት። ምንም የለባትም ይበሉልኝ» አለች።

እታለም በክንድ ርቀት ተቀምጣለች። ከሦስት ወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሳቋ እንደ ደረቅ ሣር ነበር።

«ሰማሁሽ፣ እማ» አለችና ሻሿን ተጠቀለለች።

ከቡሬ ሲወጡ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ማዘንበል ጀምራለች። እናኑ ልጁን አዝላ ከፊት፣ እታለም ሃያ እርምጃ ያህል ከኋላ። ክንዱ መጀመሪያ ተኛ፤ ከዚያ ነቃ፤ ከዚያ ማልቀስ ጀመረ። ወደ ማንኩሳ ሳይደርሱ አንዲት ጅረት አለች፤ በመጋቢት ውሃዋ ቁርጭምጭሚት አይደርስም። እዚያ ሲደርሱ ልቅሶው የጫጩት ድምፅ ሆኖ ነበር። እናኑ ተቀመጠች። የነጠላዋን ጫፍ በውሃ ነክራ አፉ ላይ አደረገችለት፤ መጠጠና ተፋው። የምታደርገው ሲጠፋት ቀሚሷን ፈታ የራሷን የደረቀ ጡት ሰጠችው። ልጁ በጉጉት ያዘ፤ ሳበ፤ እንደገና ሳበ። ከዚያ ለቀቀውና ቀና ብሎ አያት። የተታለለ ሰው አስተያየት ነበር፤ በአራት ወር ልጅ ፊት ላይ።

እናኑ ያንን አስተያየት ታውቀዋለች። መርዶው የተነገረ ዕለት ጠዋት እታለም በዚያው ዓይን አይታታለች።

እታለም ከጅረቱ ማዶ ቆማለች። ወተቱ በቀሚሷ ላይ በሁለት በኩል ርሷል፤ የልጁ ልቅሶ ነው ያወረደው። እጆቿን በብብቶቿ ሥር ቀብራ «አታምጪብኝ» አለች። «መግሉ ይወርድበታል። እማ፣ በአምላክ ይዘሽው ሂጂ፤ ሰው ያለበት ድረሺ። እኔ ከዚሁ እቀራለሁ።»

ከዚህ መቅረት ምን ማለት እንደሆነ እናኑ ገባት። ሁለቱም ሊያልፉ ነው፤ ልጁ በረኃብ፣ እናቱ በጅብ። ሕፃኑን ደረቷ ላይ ይዛ ያቺን ሞግዚት አሰበቻት። በየቀኑ ጸሎት ቤት እየወሰደቻት፣ በየቀኑ እየሸፈነቻት። እኔስ ከዚያች በምን እሻላለሁ አለች። ዛሬ እንኳ፣ እዚያ ድረስ ሄጄ፣ ሸፍኑልኝ ብዬ መጣሁ።

«እታለም» አለች፤ «ላቀው የሞተ ዕለት ያደረግሁትን ልንገርሽ።»

እታለም አልሄደችም።

እናኑ ነገረቻት። ጠዋት ከጓደኞቹ አንዱ በአጥር በኩል እንደጠራት፤ በአጎቱ ደብር እንደቀበረችው፤ ደረቱ ላይ ያለውን ቀዳዳ በራሷ ነጠላ እንደሸፈነችው፤ ነጠላውም አብሮት እንደተቀበረ። ማንም ይህን ለእታለም አልነገራትም ነበር። መርዶ ነጋሪ ሞተ ብሎ አልቅሶ ነው የሚሄደው፤ እንዴት እንደሆነ ማን ይዘረዝራል?

«ከቀብር ስመለስ ወንዝ ወርጄ ፊቴን ታጠብሁ። ከዚያ ፀጉሬን ቅቤ ተቀባሁ። ልጇን የቀበረች እናት ትላጫለች፤ እኔ ቅቤ ተቀባሁ። ገንፎሽን ይዤ ገባሁ። ላቀው ሰላም ብሎሻል አልሁሽ። አንቺም ሳቅሽ።»

«ሳቅሁ» አለች እታለም ከሻሹ ሥር። ድምፁ የሷ አይመስልም። «እሱ አፈር ውስጥ ሆኖ እኔ ገንፎ እየበላሁ ሳቅሁ። በዚህ ፊት ነው የሳቅሁት።»

እናኑ እዚህ ላይ ልታለቅስ ትችል ነበር፤ ብታለቅስ ነገሩ እዚያው እንደሚቆም አወቀችና ዋጠችው። ሦስት ጊዜ ሰላምታ እንዳመጣችላት፣ ሦስቱንም ከራሷ እንደፈጠረች ነገረቻት። ስሙን ክንዱ በሉት ብሏል ያለችውም የራሷ ፈጠራ ነበር። ከዚያ የመጨረሻው ቀረ። ይህን ለመምሬ እንኳ በንስሐ አልተናገረችም።

«ሻሹም» አለች። «ለክርስትናው ላቀው ላከልሽ ያልሁሽ ሻሽ። ከጅጋ ገበያ እኔ ነኝ የገዛሁት። እሱ ከሞተ ወር ሊሆነው ነበር።»

እታለም እጇን ቀስ አድርጋ ወደ ራሷ ሰደደች፤ ቋጠሮውን ፈታች፤ አንድ ዙር፣ ሌላ ዙር እያለች ሻሹን ከፊቷ አወረደችው። በሁለት እጇ ይዛ አፍንጫዋ ላይ አደረገችው።

«የሱ ሽታ አለው ብዬ ነበር» አለች።

ከዚያ ጅረቱን ተሻግራ መጣች፤ ከእናቷ ፊት ቁጢጥ አለች። ፊቷ በፀሐይ ነው፤ ለሦስት ወር ብርሃን ያላየው ፊት ነጥቷል። «ሁሉን ከነገርሽኝ እንግዲህ ፊቴንም ንገሪኝ። ምንም የለም ካልሽኝ ግን ልጁን ይዘሽ ተነሺ።»

ምንም የለም የሚለው ቃል በእናኑ ምላስ ጫፍ ላይ ነበር። ከልማድ ነው፣ ከፍቅርም ነው። መልሳ ዋጠችው።

«አራት አለ» አለች። ጣቷን ዘረጋች፤ እታለም አልሸሸችም። «ይቺ አንድ። ይቺ ሁለት። ይቺ ረዥሟ ናት፤ ከጉንጭሽ እስከ አገጭሽ ትወርዳለች፤ ስታወሪ ታስታውቃለች፤ እስከ ዕድሜሽ ማለቂያ አትጠፋም። አራተኛዋ ከዓይንሽ ሥር ናት፤ ትንሽ ናት። ጥፍርሽ ዓይንሽን ለጥቂት ነው የሳተው።»

«መግሉስ?»

«ነበረ። በገና ሰሞን ነበረ፤ ይሸት ነበር። አይሸትም እያልሁሽ አጥብልሽ ነበር፤ እሱም ውሸት ነበር። ከጥር ወዲህ የለም።»

እታለም የእናቷን ጣት ያዘች። ጉንጯን የነካውን ጫፉን ወደ ዓይኗ አቅርባ አየችው፤ እርጥብ እንደሆነ ልታይ ነው። በሌላ ጣቷ ዳሰሰችው። ደረቅ ነው። ደግማ አየችው።

«ለእኔ ግን ይታየኛል» አለች።

«ይታይሻል» አለች እናኑ። ከዚህ በፊት አንድም ቀን እንዲህ ብላት አታውቅም።

ክንዱ ማልቀሱን ትቶ ነበር፤ መተው ደግሞ ከማልቀስ ይከፋል። እታለም ወደ ልጁ አየች፤ ፊቷን መለሰች፤ እንደገና አየች። ከንፈሩ ደርቆ ነጭ ሆኗል። ሻሹን ለእናቷ ዘረጋችላት።

«ዓይኑን ሸፍኚልኝ» አለች። «እንዳያየኝ።»

እናኑ ሻሹን አጥፋ በልጁ ዓይን ላይ አደረገችና አቀበለቻት። እታለም ልጁን ተቀበለች። አንገቷን ወደ ኋላ አጥፋ፣ አገጯን ከልጁ አርቃ፣ ከጉንጯ የሚወርድ ነገር ካለ ከኋላዋ እንዲወርድ አድርጋ ጡቷን ሰጠችው። ልጁ አንድ ጊዜ ሳበና ታነቀ፤ ወተቱ በዝቶበት ነው። አሳለው። ከዚያ አጥብቆ ያዘ። የመዋጡ ድምፅ ለእናኑ ጆሮ ከውሃው ድምፅ በላይ ተሰማት። እሷም መቁጠር ጀመረች፤ አንድ ጉንጭ፣ ሁለት ጉንጭ።

እታለም ዓይኗን ጨፍና በቃል የማይሰማ ነገር ታነበንባለች፤ ጸሎት ይሁን ይቅርታ እናኑ አላወቀችም። ፀሐይዋ ዝቅ እያለች ነበር፤ ማንኩሳ ገና ሩቅ ነው፤ ተነሡ ማለት ነበረባት። አላለችም።

ልጁ መሐል ላይ እጁን አወራጨ። ጣቶቹ ሻሹን አገኙትና ጎተቱት፤ ሻሹ ተንሸራቶ ሣሩ ላይ ወደቀ። እናኑ ልታነሣው ጎንበስ አለችና ተወችው። ክንዱ ዓይኑን ገልጦ ወደ ላይ፣ ወደ እናቱ ፊት ይመለከታል። መጥባቱን አላቋረጠም። እታለምም የሻሹ መንሸራተት ሲሰማት አንድ ዓይኗን ገልጣ ወደ ታች አየች። እንዳየች ቀረች።

«እማ» አለች በሹክሹክታ፤ «እያየኝ ነው።»

«አዎ» አለች እናኑ። «እያየሽ ነው።»